ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ምን ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤችዲዲ (የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ) ነው። በሩፈስ (የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም) አስገድዶ ዊንዶውስ 11 መጫን፣ በ10 መቆየት ወይስ ሊኑክስ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ መጫኑስ ይጫናል፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር የሚከለክል ቅንብር) እና ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ሩፈስ ፍላሹን ሲያዘጋጅ የሚከፍተው መስኮት ላይ ይህን ፍተሻ የሚያስቀር ሳጥን አለ። ወርሃዊ የደህንነት አፕዴት ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ማይክሮሶፍት ግን ዋስትና አይሰጥበትም። የየዓመቱ ትልቅ አፕዴት በራሱ ስለማይመጣ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይሉን) እያወረዱ በእጅ መጫን ግድ ነው። ያ ከተዘነጋ የተጫነው ስሪት ድጋፍ፣ በሆም እና በፕሮ እትም፣ ስሪቱ በወጣ በ24 ወሩ ያበቃል።

ከዚህ ያረጀ ማሽን ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ሲፒዩ-ዚን (የፕሮሰሰር መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱና «ኢንስትራክሽንስ» የሚለው መስመር ላይ ኤስኤስኢ4.2 (ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው የትእዛዝ ስብስብ) መኖሩን እዩ። ኮር 2 ዱዎ ይህ የለውም፤ 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት እና ከዚያ በኋላ የወጡት ጭራሽ ቡት አያደርጉም (አይነሱም)። ይህን የሚያልፍ ዘዴ የለም። የግራፊክስ ድራይቨር ካልተገኘም ስክሪኑ በ«ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይቀራል፦ ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ብርሃኑም አይስተካከልም።

ባዮስ (የኮምፒውተሩ የማስነሻ ቅንብር) ከመነካቱ በፊት የቢትሎከርን (ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መመስጠሪያ) ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሌላ ቦታ ይጻፉ። ሴኪዩር ቡት ሲቀየር ኮምፒውተሩ ቁልፉን ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ አለቀለት። ዲስኩ ኤምቢአር (የቆየው የዲስክ አከፋፈል) ሆኖ ሳለ ከሌጋሲ (ከአሮጌው የማስነሻ ዘዴ) ወደ ዩኢኤፍአይ (ወደ አዲሱ) ከተዞረም ዊንዶውሱ አይነሳም፤ መጀመሪያ ወደ ጂፒቲ (ወደ አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ይለወጥ። ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ የሚቻለው በመደበኛው በ10 ቀን ውስጥ ነው፣ ያውም «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለው ፎልደር ካልተሰረዘ።

መልስ፦ የግድ ዊንዶውስ የሚፈልግ ፕሮግራም ካለዎት በ10 ይቆዩ። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አብቅቷል። 22ኤች2 በተባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ስሪት ላይ ካሉ ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ለተጨማሪው የደህንነት አፕዴት መመዝገብ ይቻላል፤ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያደርሳል።

መልስ፦ ሥራው ብራውዘርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት 22፣ የኤክስኤፍሲኢውን (ቀለል ያለ ገጽታ ያለውን) እትም ነው። ድጋፉ በፈረንጆቹ እስከ 2029 ነው፤ 4 ጊጋባይት ራምም ይበቃዋል። ሳይጭኑ ከፍላሹ አስነስተው ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን ይሞክሩ። የብሮድኮም ዋይፋይ ካልታየ ስልክዎን በዩኤስቢ ሰክተው ኢንተርኔት ያጋሩትና ከ«ድራይቨር ማናጀር» ይጫኑለት። ሦስቱንም ከመወሰንዎ በፊት ግን ኤችዲዲውን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ይተኩት። እንዲህ ላለ ላፕቶፕ ከማንኛውም ሲስተም ይልቅ ፍጥነት የሚጨምርለት እሱ ነው።

መልስ፦ አሮጌ ማክ ላላችሁም፦ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር (አፕል ድጋፍ ባቆመለት ማክ ላይ አዲስ ማክኦኤስ የሚጭን ፕሮግራም) ይሠራል፤ ነገር ግን የማክኦኤስ አፕዴት በተጫነ ቁጥር ፓቹ (በሲስተሙ ላይ የሚያደርገው ማስተካከያ) ስለሚጠፋ እንደገና «ሩት ፓች» ማድረግ አለባችሁ። አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፉት።