ቮርቴክሶቹ ጠርዝ ላይ ቀሩ፣ መላ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሚሽከረከር የቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት (በወጥመድ የተያዘ፣ እጅግ የቀዘቀዘ የአቶሞች ደመና) በፓይተን እያሰላሁ ነው፦ የግሮስ-ፒታየቭስኪ ቀመር (የደመናውን ሞገድ የሚገልጸው) በሁለት ልኬት፣ መስተጋብሩ 500 በወጥመዱ አሃድ፣ ግሪዱ 256 በ256፣ ሳጥኑ ከ-10 እስከ 10። የነጥቦቹ ርቀት 0.08 ገደማ፣ የቮርቴክሱ (ደመናው ውስጥ የሚፈጠረው ትንሽ አዙሪት) እምብርት 0.25 ገደማ ስለሆነ ግሪዱ አያንስም።

ሽክርክሪቱ የወጥመዱን ድግግሞሽ 0.8 እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሪስ ላይ በሩቢዲየም-87 ቮርቴክስ የታየው 0.7 አካባቢ ስለሆነ ከዚያ አለፍ አድርጌዋለሁ። ወጥመዱን 3 በመቶ አሞላልቄ፣ መነሻው ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ነውጥ ጨምሬያለሁ፤ ፍጹም ክብ ከሆነማ የማዕዘን ሞመንተሙ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም።

ጠርዙ ይሸበሸባል፣ ቮርቴክሶችም ይወለዳሉ፤ ወደ መሀል የሚዘልቁት ግን 11 ብቻ ናቸው። የፋይንማን ስሌት (ከሽክርክሪቱ ፍጥነትና ከደመናው ስፋት የቮርቴክሶቹን ብዛት የሚገምተው) ከ30 በላይ ይላል (ጣሪያ መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ይህን ያህል?)። የጊዜ እርምጃውን ከ0.001 ወደ 0.0005 ባወርደውም ያው ነው። ጥግግቱ ከከፍተኛው 5 በመቶ በታች የሆነበትን አልቆጥርም፣ አለዚያ ባዶው ቦታ ላይ ያሉት የውሸት ቮርቴክሶች ይገቡብኛል።

የምጠረጥረው ማርገቢያውን (ደመናው ጉልበት እየጣለ እንዲረጋ የጨመርኩትን) ነው። መጠኑ፣ ጋማ፣ 0.03 ሲሆን፣ የሚያርፈው በኪነቲኩ፣ በወጥመዱና በመስተጋብሩ ላይ እንጂ በቀመሩ የሽክርክሪት ቁራጭ ላይ አይደለም። ታዲያ ደመናውን ወደማይሽከረከር ሁኔታ እየጎተተው ይሆን? ቁራጩን በኤክስና በዋይ ለይቼ በየራሱ ኤፍኤፍቲ (ፈጣን የፉሪየር ትራንስፎርም) ስለማስኬደው ጋማን መጨመር ቀላል ነው፤ የሳጥኑ ዳር ላይ ግን ኤክስፖነንሻሉ እንዳያብጥ ፈራሁ። በየእርምጃው ኖርሙን (የደመናውን ጠቅላላ መጠን) ወደነበረበት መመለስ ይበቃል ወይስ ሌላ ገደብ ያስፈልጋል?

ግራፊክስ ካርድ ግዛ አትበሉኝ፤ እዚህ ኮዬ ፈጬ መብራት ስለሚቆራረጥ በላፕቶፕ ባትሪ ነው የሚሄደው፣ በየ2000 እርምጃው የሞገዱን ፌዝ (phase) ጭምር እያስቀመጥኩ።