ከፍጥነት ልምምድ በፊት ባትን ወጥሮ መያዝ ተገቢ ነውን?

ጀማሪው ሯጭ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር እየተዘጋጀሁ ስለሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ እሮጣለሁ። እንደ ደረስን፣ ብርዱ ገና ሳይለቀን፣ ክብ ሠርተን በመቆም ባታችንንና ቋንጃችንን ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥረን እንይዛለን፤ ወዲያውም 400 ሜትር እየደጋገምን በፍጥነት እንሮጣለን። ስንጨርስ ላባችን ሳይደርቅ ታክሲ ውስጥ እንገባለን። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስነሣ የቀኝ ተረከዜ ጅማት ድርቅ ብሎ፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እያነከስኩ እሄዳለሁ። ስሕተቱ ያለው ከማሟሟቁ ነው ወይስ ከአሯሯጤ?

የቀድሞ ሯጭ፦
ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦባችኋል። ጡንቻ የሚሞቀው ሲሠራ እንጂ ሲወጠር አይደለም። እኛ መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየተጨዋወትን ዱብ ዱብ እንል ነበር፤ ጨዋታው በትንፋሽ መቆራረጥ ከጀመረ ፈጥነናል ማለት ነው። ከዚያ ጉልበትን ከፍ እያደረጉ መሮጥ፣ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ በመጨረሻም 80 ሜትር ያህሉን አራት ጊዜ ፍጥነት እየጨመሩ መሮጥ ይከተላል። ቱታህንም እስከዚያ አታውልቅ። በተረከዝህ የምታርፍ ከሆነ ደግሞ በፊተኛው የእግርህ ክፍል ማረፍን ልመድ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
ስለ ማሟሟቁ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ አንድ ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ተወጥሮ ሲያዝ የሚያመነጨው ኃይል ለጊዜው በመጠኑ ይቀንሳልና። የመጨረሻው ምክር ግን ለዚህ ጠያቂ ጭራሽ አይሆንም። በሩጫ ጊዜ እግር መሬት ሲረግጥ ከሰውነት ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ከመሬት ይመለሳል፤ አረጋገጥን መለወጥ ይህን ሸክም ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም። በተረከዝ ማረፍ ይበልጥ ጉልበትን ሲጫን፣ በፊተኛው የእግር ክፍል ማረፍ ባትንና የተረከዝን ጅማት ይጫናል፤ የእርስዎ ሕመም ደግሞ እዚያው ጅማት ላይ ነው። ይልቁንስ እግርዎ ከሰውነትዎ እጅግ ቀድሞ እንዳያርፍ እርምጃዎን ያሳጥሩ። በደቂቃ 160 ጊዜ የሚረግጡ ከሆነ 168 ማድረስ ይበቃል።

በፍጥነት ሲሮጡ ጡንቻ የሚያመነጨው ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር ቁጭ ብለውም በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ስለሚወርድ፣ ከሩጫ በኋላ ሰውነትን በቀላል እንቅስቃሴ ማቀዝቀዝ የማግስቱን የጡንቻ ሕመም ያስቀራል ብለው አይጠብቁ። ሆኖም ከፍጥነት ሩጫ በድንገት ሲቆሙ ደም እግር ላይ ስለሚከማች ሊያዞርዎ ይችላል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሶምሶማና እርምጃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ታክሲው ይጠብቅ፤ ደረቅ ልብስም ይያዙ።

ሕመሙ በትክክል የት ላይ ነው?

ጀማሪው ሯጭ፦
አመሰግናለሁ። ከተረከዜ አጥንት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ሳደርገው ያመኛል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እንግዲያውስ የደረጃ ልምምድ ይስማማዎታል። በደረጃ ጠርዝ ላይ በሁለቱም እግር ተረከዝዎን ያንሡ፣ ከዚያ በቀኙ ብቻ ቀስ ብለው ከጠርዙ በታች ይውረዱ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሕመሙ አጥንቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ከጠርዙ በታች እንዳይወርዱ እነግርዎ ነበር። የ400 ሜትሩን ድግግሞሽ ለጊዜው ይተዉት፤ ጅማቱ ድንገት «ጧ» ብሎ በጣትዎ መቆም ካቃተዎት ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።