ከቀጠርኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ወዲያው ይለቃሉ፤ ለአመልካቾች ምን ልንገራቸው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት የቅጥር ባለሙያ ነኝ። የሥራ ማስታወቂያ የምናወጣው ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ሰው በኃላፊዎች ዘንድ ከታወቀ በኋላ ሲሆን፣ በውድድር የገቡትም ስድቡንና ዛቻውን መቋቋም ስለሚያቅታቸው የሙከራ ጊዜያቸው ሳያልቅ ይለቃሉ፤ ወቀሳው ግን «ሰው መምረጥ አትችይም» ተብሎ ወደ እኔ ይመለሳል።

መልስ ፩፦
አለቆችዎን ማማት አይጠበቅብዎትም፤ ነገር ግን ቦታው ለምን እንደተለቀቀና የሥራ ሰዓቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለአመልካቹ በግልጽ ይንገሩት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ ስለማይችል፣ በዚያም ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ስለሚችል፣ የተደበቀው ነገር ሁሉ ፈጥኖ ይወጣል።

መልስ ፪፦
እኔ የምመክረው ሰነድ መያዝን ነው። የመመዘኛ ነጥቦቹ ከቃለ መጠይቁ በፊት ተጽፈው ፈታኞቹ ይፈርሙባቸው። በብሔር ወይም በሃይማኖት ለዪ ከተባሉ ደግሞ አዋጁ ይህን በግልጽ ስለሚከለክል ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ አብዛኛው አለቃ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

መልስ ፫፦
እህቴ፣ በዝምድና የሚሠራ ቤት በፊርማ አይታረምም። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ከመስጠትሽ በፊት ሌላ ሥራ ፈልጊ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመመዘኛውን ሐሳብ በሚቀጥለው ቅጥር እሞክረዋለሁ። የሚለቁ ሠራተኞች ምክንያታቸውን የሚገልጹበት ቅጽም አለን፤ የሚሞሉት ግን አለቃቸው ፊት ተቀምጠው ነው።