የሴፕቴምበር ጣዕም ጠፋ ወይስ ጨመረ? የዋይልድ ካርድ ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የዋንጫ ዙር) የሚገቡት ቡድኖች መብዛታቸው የቤዝቦልን የመጨረሻ ሳምንት አበላሸው ወይስ አዳነው? ለአዲሶች ባጭሩ፦ እስከ 1968 ድረስ ከሁለቱ ሊጎች አንደኛ የወጣው ብቻ ቀጥታ ዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ፍጻሜው፣ ይገባ ነበር። ዋይልድ ካርድ የሚባለው ዲቪዥኑን (በሊጉ ውስጥ ያለውን ምድቡን) ሳያሸንፍ ጥሩ ውጤት ላመጣ ቡድን የሚሰጥ ቦታ ነው። 1995 ላይ ሲጀመር በየሊጉ አንድ ነበር። 2012 ላይ ሁለት ሆነ (ሁለቱ በአንድ ጨዋታ ይለያዩ ነበር)፣ 2022 ላይ ሦስት። አሁን ከ30 ቡድን 12ቱ ይገባሉ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ስድብ የለም፤ ባለፈው የሆነውን ታውቃላችሁ።

የቦስተኗ፦ ቁስሉ የኔ ስለሆነ እኔ ልጀምር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2011፣ በኛ መስከረም 17፣ መስቀል። ረቡዕ ስለዋለ ጾም ነበር፤ አክስቴ ቤት ሽሮ በልተን ቡና ተፈልቷል። ቡድኔ ሬድ ሶክስ በወሩ መጀመሪያ ታምፓ ቤይን በ9 ጨዋታ ይመራ ነበር። ከዚያ ወሩን ሙሉ 7 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። የመጨረሻው ቀን ላይ ሁለቱ እኩል ሆነው ደረሱ።

እኛ ባልቲሞር ላይ 3 ለ 2 እየመራን ነው። ታምፓ በያንኪስ 7 ለ 0 ተመርቷል። አለቀ ብዬ ስልኬን አስቀመጥኩት። ከዚያ ታምፓ በስምንተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፣ እኩል ከሆነ ይቀጥላል) 6 አገባ። በዘጠነኛው ሁለት ሰው ወጥቶ፣ ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮ (ሦስተኛው ስትራይክ መቺውን ያስወጣል፣ ሦስተኛው ሰው ሲወጣም ያበቃል)፣ ዓመቱን ሙሉ ኳስ መምታት ያቃተው ዳን ጆንሰን ሆምረን (ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መታና እኩል አደረገው። አማካዩ .108 ነበር፤ ከመቶ ሙከራ 11 ያህሉ ብቻ! ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የኛ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ፓፕልቦን ሊያስወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው። ቤዝ (ሯጮች የሚያርፉበት ቦታ) ላይ ማንም የለም። የባልቲሞር ሰዎች፣ ዴቪስ መታ፣ ሬይሞልድ መታ፣ አንዲኖ መታ። 4 ለ 3። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የታምፓው ሎንጎሪያ በ12ኛው ኢኒንግ ኳሷን ከግራ ጥግ አጥር በላይ አሳለፋት።

አክስቴ የቤዝቦል ሕግ አታውቅም። ፊቴን አይታ "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አለችኝ።

አሁን ነጥቤ። በ2012ቱ ሕግ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ታምፓም እኛም ገብተን ነበር። በናሽናል ሊግም በዚያው ሌሊት የወደቀው አትላንታ ይተርፍ ነበር። ቡድኔ ይተርፍ ነበር፣ ሌሊቱ ግን አይኖርም። እና እኔ ሌሊቱን ነው የምመርጠው።

ባለታክሲው፦ ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ያምራል። ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። ያን ጊዜ ዲቪዥኑን ያንኪስ ወስዶታል። ዋይልድ ካርድ ባይኖር እናንተም ታምፓም የምትጫወቱት ለምን ነበር? ያንን ሌሊት የወለደው ዋይልድ ካርድ ነው። እናቱን እየሰደብሽ ልጁን ታወድሻለሽ።

የቦስተኗ፦ ጋሼ፣ እኔ አንዱን ዋይልድ ካርድ አልጠላሁም። ሦስቱን ነው። የሚገባ እንዳለ ሁሉ ውጭ የሚቀር ትልቅ ቡድን ካልኖረ ማን ይጨነቃል?

ቁጥር ወዳዱ፦ እዚህ ላይ 1993 መነሳት አለበት። አትላንታ 104 አሸነፈ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ 103። ሁለቱም አንድ ዲቪዥን ውስጥ ነበሩ፤ ዋይልድ ካርድ ገና አልመጣም። በመጨረሻው ቀን አትላንታ ሲያሸንፍ ጃያንትስ ሎስ አንጀለስ ላይ 12 ለ 1 ተደበደበ። 103 አሸንፎ ቤቱ ገባ። ፍትሕ ነው? አይደለም። ግን ሰው እስከ ዛሬ ስለሱ ያወራል።

አሁን ደግሞ 2025ን እዩ። ዲትሮይት ጁላይ ላይ ክሊቭላንድን በ15 ጨዋታ ተኩል ይመራ ነበር። አዎ፣ 15 ተኩል! ያን ሁሉ አባክኖ ዲቪዥኑን ለክሊቭላንድ አስረከበ። እንዲህ ያለ ውድቀት በዲቪዥን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ቅጣቱስ? በዋይልድ ካርድ ገባ። የገጠመው ማንን ነው? ክሊቭላንድን። አሸንፎት አለፈ። የክሊቭላንድ ደጋፊ ብሆን ቴሌቪዥኑን በመስኮት ነበር የምወረውረው።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የኳስ ሰው ነኝ። አንድ ነገር አልገባኝም። 162 ጨዋታ ከተጫወታችሁ በኋላ ለምን ሠንጠረዡ አይወስንም? ሲቲ 2012 ላይ በአጉዌሮ ጎል ዋንጫውን ሲበላ ማንም "ቆይ፣ ገና ሦስት ጨዋታ አለ" አላለውም።

ኒውዮርኬው፦ ወንድሜ፣ አንተም አራተኛ ለመውጣት ስትጨነቅ የኖርክ አርሰናል ትመስለኛለህ 😄 አራተኝነት እኮ ዋይልድ ካርድ ነው።

አዲስ ገቢ፦ እዚህ ላይ ዝም እላለሁ።

ኒውዮርኬው፦ የቦስተኗ፣ የሚጨነቅ የለም ላልሽው 2024 መልስ ነው። በአውሎ ነፋስ የተላለፈ የኛ የሜትስና የአትላንታ ጨዋታ ነበር። ሲዝኑ እሑድ አልቆ እነሱ ሰኞ በአንድ ቀን ሁለቴ እንዲጫወቱ ተደረገ። እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 0 ተመራን። በስምንተኛው 6 አገባን። እነሱ ደግሞ በዚያው ኢኒንግ መልሰው 4 አገቡና 7 ለ 6 ሆነ። በዘጠነኛው የኛው ሊንዶር፣ ወገቡን እያመመው፣ ሆምረን። 8 ለ 7። ሥራ ቦታ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። በስልክ እያየሁ ጮህኩና አለቃዬ እጄን ፎርክሊፍት የበላው መስሎት እየሮጠ መጣ። ይሄ በሦስት ዋይልድ ካርድ ዘመን የሆነ ነው። ሞተ የምትሉት የቱ ነው?

የቦስተኗ፦ የመጀመሪያውን ጨዋታ ነገርከን። ሁለተኛውንስ?

ኒውዮርኬው፦ አትላንታ 3 ለ 0 አሸነፈ።

የቦስተኗ፦ እና ሁለታችሁም ገባችሁ። አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ሻምፓኝ ከፈቱ። ቤቱ የቀረው ሜዳው ላይ ያልነበረው አሪዞና ነው። እሱም እንደናንተው 89 አሸንፎ ነበር።

ቁጥር ወዳዱ፦ እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ድሮ ሁለት ቡድን እኩል ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ይደረግ ነበር፤ 163ኛው። 1978 ላይ ሬድ ሶክስና ያንኪስ እንዲህ ተጋጥመው፣ ሆምረን የማይጠበቅበት የያንኪሱ በኪ ዴንት በሬድ ሶክስ ሜዳ ፌንዌይ ላይ መታው። የቦስተን ሰው ስሙን ያለ ስድብ አይጠራም። 2022 ላይ ይሄ ጨዋታ ተሰረዘ። አሁን እርስ በርስ ማን አሸነፈ ተብሎ በወረቀት ይወሰናል። 2025 ላይ ሜትስና ሲንሲናቲ 83 83 ሆነው ጨረሱ። በመጨረሻው ቀን ሁለቱም ተሸነፉ። ሲንሲናቲ ተሸንፎ ገባ! ተሸንፎ የሚጨፍር ቡድን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኒውዮርኬው፦ 2025ን ባናነሳ።

አወያይ፦ ድሮ ድሮ ስትሉ 1951ን ማንም አላነሳም። ገረመኝ።

ቁጥር ወዳዱ፦ ልመጣበት ነበር። የኒውዮርክ ጃያንትስ ኦገስት ላይ ብሩክሊን ዶጀርስን በ13 ጨዋታ ተኩል ይከተል ነበር። ደረሰበት፣ እኩል ሆኑ። በሦስተኛው ተጨማሪ ጨዋታ፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ 4 ለ 2 ተመርቶ ቦቢ ቶምሰን የሦስት ሰው ሆምረን መታ። ተራ ይጠብቅ የነበረው የ20 ዓመቱ ዊሊ ሜይስ ነው። ከስምንት ቡድን አንድ ብቻ የሚያልፍበት ዘመን! ግን የድሮው ንጹሕ ነበር ለምትሉ፦ ጃያንትስ በዚያ ዓመት ከመሐል ሜዳ ጀርባ ካለው ክፍል በቴሌስኮፕ የተጋጣሚን ምልክት (ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር የሚነጋገሩበትን) ይሰርቅ እንደነበር 2001 ላይ በጋዜጣ ወጥቷል። ቶምሰን ያቺን ኳስ ምልክት ተነግሮኝ አልመታሁም እንዳለ ኖረ። እኔ አምነዋለሁ፤ ግማሽ በግማሽ።

ባለታክሲው፦ እናንተ የሞተ ታሪክ ትቆጥራላችሁ፤ እኔ የዲሲን ልንገራችሁ። ሜይ 2019 መጨረሻ ላይ ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፏል። ተሳፋሪ ስለ ናሽናልስ ማውራት ትቶ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ዋይልድ ካርድ አገኘ። ኦክቶበር 1 ማታ ተሳፋሪ ልጠብቅ ኔቪ ያርድ አካባቢ ቆሜያለሁ። በሬዲዮ ሚልዋኪ 3 ለ 1 ይመራል፣ ስምንተኛው ኢኒንግ፣ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ አለ፣ ሶቶ ሊመታ ነው። ሬዲዮው ገና "ፒቸሩ ተዘጋጀ" ሲል ከስታዲየሙ ጩኸት ወጣ! ሬዲዮው ዘግይቶ ኖሯል። ጆሮዬ ውጤቱን ሰምቶ ኳሷ ገና አልተወረወረችም። ሦስቱም ገቡ፣ 4 ለ 3። ወሩ ሳያልቅ የዎርልድ ሲሪስ ዋንጫ። ዋይልድ ካርድ ባይኖር ይሄ አለ?

ቁጥር ወዳዱ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናንተ 93፣ ሚልዋኪ 89 ነበር ያሸነፋችሁት። በአንዱ ዋይልድ ካርድ ዘመን ያለ ምንም ጨዋታ ትገቡ ነበር። ሁለተኛው ዋይልድ ካርድ ያመጣልዎት ጭንቀቱን ብቻ ነው።

ባለታክሲው፦ ጭንቀቱን እኮ ነው የወደድኩት!

የቦስተኗ፦ እንግዲህ ጋሼ በኔ በኩል ናቸው። እንዲያውም 2012ን ላስታውስዎ? ናሽናልስ 98 አሸንፎ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው ዋይልድ ካርድ በዚያው ዓመት ነበር የተጀመረው። በሱ የገባው ሴንት ሉዊስ 88 ብቻ አሸንፎ ነበር። ፕሌይኦፍ ላይ ተገናኝታችሁ በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 መራችሁት። 9 ለ 7 ተሸነፋችሁ። በዘጠነኛው አንድ ስትራይክ ነበር የቀራችሁ።

ባለታክሲው፦ ልጄ፣ እሱን ባታነሺው ምን አለ? ያን ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከስታዲየሙ በር አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ጫንኩ። አንገቱን ደፍቷል፣ አይናገርም። የኛ ሰው መስሎኝ እስከ ሆቴሉ ድረስ አጽናናሁት። "አይዞህ፣ ለከርሞ አለ" አልኩት። ሲወርድ ኮፍያውን አየሁት። የሴንት ሉዊስ ነው፤ የነሱም ቀለም ቀይ ነው። ዝም ያለው እኔን አዝኖልኝ ኖሯል። 20 ዶላር ቲፕ ሰጠኝ።