የአደን ኮታው ያው ከሆነ ወሩ ምን ለውጥ ያመጣል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዱር እንስሳት አያያዝ እየተማርኩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። በዓመት 200 ቆቅ ይታደን ከተባለ፣ በአደኑ ወቅት መጀመሪያ ላይ ተገደለ መጨረሻ ላይ ያው 200 አይደለም እንዴ? አደኑ በየትኛው ወር ይሁን እየተባለ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምንድን ነው?

ቆጣሪው፦ ያው አይደለም ወንድሜ። እንግዲህ ሥራዬ እንስሳ መቁጠር ነውና በቁጥር ላስረዳህ። ጫጩቱ ሁሉ ተፈልፍሎ ሲያበቃ 1,000 ቆቅ አለ እንበል። ምግቡና መሸሸጊያው ግን ክፉውን ወራት የሚያሻግረው 600 ብቻ ነው። 200ውን ቀድመህ ካደንክ 800 ይቀራል፣ ከዚያም 600 ይሻገራል፤ የወሰድከው ለማንኛውም ከሚሞተው ላይ ነው። ክፉው ወራት እስኪያልፍ ጠብቀህ ካደንክ ግን ከተረፈው 600 ላይ ትቀንሳለህ፣ ለመራባት የሚቀርህ 400 ነው።

አሜሪካና ብሪታንያ (ካናዳን ወክላ) እ.ኤ.አ. በ1916 ስለ ፈላሽ ወፎች ሲፈራረሙ ከማርች 10 እስከ ሴፕቴምበር 1 አደን እንዲዘጋ የተስማሙት ያለ ነገር አይደለም። በጸደይ የምትመለሰው ዳክዬ ከክረምት ተርፋ ልትፈለፍል የምትሄድ ናት።

ተጠራጣሪ፦ ሒሳቡ የሚሠራው ሟቹን ጥበትና ረሃብ ሲወስነው ነው። ውርጭ ከሆነ ብዙም ይሁኑ ጥቂት ከመቶ ያንኑ ያህል እጅ ይወስዳል፤ ያኔ ቀድመህ የገደልከውም ጉዳት ላይ ይደመራል። ደግሞ መቅደምም ልክ አለው። ገና የምታጠባ እናት ከወደቀች ግልገሏም አብሮ መሄዱ ነው፣ ኮታው ላይ ግን አንድ ተብሎ ይጻፋል።

ቆጣሪው፦ እውነትህን ነው፣ 600 የሚባለው በየዓመቱ ይዋዥቃል። አንበሳ ላይማ ወር መምረጥ ብዙም አይጠቅም። መንጋውን የያዘው ወንድ ሲገደል ቦታውን የሚወስደው ባዕድ ወንድ ትንንሾቹን ደቦሎች ይፈጃል፤ በየትኛውም ወር ቢሆን። በታንዛኒያና በሞዛምቢኩ የኒያሳ ጥብቅ የዱር እንስሳት ክልል 6 ዓመት ያልሞላው ወንድ አይታደን የተባለው ለዚህ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ከሆነ ያሳደጋቸው ደቦሎች ራሳቸውን የቻሉ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ጀማሪው፦ አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ግን አዳኞች መጨረሻው ይሻላል ይላሉ፤ ውኃው ሲደርቅ እንስሳው ሁሉ የቀረችው ኩሬ ላይ ስለሚሰበሰብ።

ቆጣሪው፦ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቁጥሩ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ኩሬው ዳር ያለ ሰው በቀን የሚያገኘው አይቀንስበትም፣ «ሞልቷል» እያለ ይተኩሳል። ስለዚህ በአዳኝ መዝገብ ብቻ ብዛት አይገመትም። እኔ ብሆን አደኑ ሳይከፈት አስቆጥራለሁ፣ ኮታውን ከዚያ እቆርጣለሁ፣ ኩሬዎቹ ሳይመናመኑም እዘጋዋለሁ። አዳኞቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ያጉረምርሙ።