ከድሬዳዋ በኤረር በኩል እስከ ሚኤሶ፦ የድሮው የሰው ባቡር ሊመለስ ይችላልን?

የኤረር ልጅ (ጥያቄ)

ተወልጄ ያደግሁት ኤረር ሲሆን አሁን በድሬዳዋ መምህር ነኝ። ጥያቄዬ በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለገባው ባለ 784 ኪሎ ሜትር የምድር ባቡር መስመር ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከተቋረጠ ወዲህ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደምና ሙሉ የተባሉት ጣቢያዎች የድሮው ባቡር የማይቆምባቸው የባቡር ከተሞች ሆነው ቀርተዋል። ነባሩ የአዲስ አበባ አስፋልት የሚያልፈው በላይ በኩል፣ በቁልቢ፣ በሂርናና በጭሮ ስለሆነ፣ በቆላው ሐዲድ ዳር የተቆረቆሩት እነዚህ ቦታዎች ከመንገደኛው ዓይን ርቀዋል።

እናቴ ብርቱካንና መንደሪን ትሸጥ ነበር። ባቡሩ ከሁርሶ በኩል ሲያፏጭ የጣቢያው ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዘንቢላቸውን አንሥተው ይቆሙና እያንዳንዳቸው የለመዱት ፉርጎ በሚቆምበት ቦታ ይሰለፉ ነበር። ግብይቱ በመስኮት ነው፤ ፍሬው ወደ ላይ፣ ሳንቲሙ ወደ ታች። ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ያልተከፈለውን ሒሳብ ለመቀበል ከፉርጎው ጎን ለጎን የምሮጠው እኔ ነበርኩ፤ ገንዘቡን ሳይወረውርልኝ የሄደ መንገደኛ አላስታውስም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ሐዲዱን ተከትዬ ጥቂት ተራመድኩ። አንዳንዱ ቦታ እንደነበረ አለ፤ አንዳንዱን ቁጥቋጦ ውጦታል፤ ሌላው ዘንድ ደግሞ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት ብረቶች ተነቅለው ተወስደዋል፤ አንድ ቦታም ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ስለወሰደው ሐዲዱ እንደ ልብስ መስቀያ ገመድ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ካየሁ በኋላ አእምሮዬ አላርፍ ስላለ ነው የምጽፈው። መስመሩን በሙሉ ሳይሆን ከድሬዳዋ እስከ ሚኤሶ ያለውን ብቻ ጠግኖ የሰው ባቡር መመለስ በእርግጥ የሚቻል ነገር ነው? የሚቻል ከሆነስ ከየት ይጀመራል?

ጡረተኛ መካኒክ፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሬዳዋ በሚገኘው የባቡሩ ጥገና ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ሰው ሁሉ ባቡር ይመለስ ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ሎኮሞቲቩን ነው። እኛ ዘንድ ግን ሎኮሞቲቭ ሁልጊዜ መፍትሔ ይገኝለት ነበር። የጠፋ ዕቃ ሲኖር ከአሮጌው ላይ ፈትተን፣ ያም ካልተገኘ ብረቱን በቶርኖ ማሽን ቆርጠን ራሳችን እንሠራው ነበር። ያን መስመር በሕይወት ያቆየው ግን በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው። በየተወሰነው ኪሎ ሜትር ሐዲዱን የሚጠብቅ ጓድ ነበረ፤ ከመካከላቸው አንዱ በየማለዳው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ የደረሰበትን ድርሻ ይሄዳል፤ ብሎኑን መታ ሲያደርገው የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ደግሞ ድፍን ይላል። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚመጣ፣ በክረምት ሌሊት የዘነበ እንደሆነ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ቱቦዎቹንና ድልድዮቹን ማየት ግዴታ ነበር። ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ደቻቱን ያውቃል፤ ከድሬዳዋ እስከ ሚኤሶ ሐዲዱ የሚያቋርጣቸው ደረቅ ወንዞች በሙሉ የደቻቱ ወንድሞች ናቸው።

የተነቀሉት ብረቶች ያሳዘኑህን ያህል እኔንም አሳዝነውኛል። በዚያ ምድር እንጨት ለምስጥ ሲሳይ ስለሆነ ብረት የተጋደመው ታስቦበት ነው፤ ብረት በመሆኑ መቶ ዓመት ያህል አገለገለ፣ ብረት በመሆኑም ለቁርጥራጭ ነጋዴ ዓይን ገባ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ፉርጎዎቹ ከድልድዩ ወደ ገደሉ ወድቀው 428 ሰዎች አልቀዋል። በዚያን ሳምንት በጋራዡ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ባቡሩ ይመለስ የሚል ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፍሬን፣ ስለ መታጠፊያና ሐዲዱን በእግሩ ስለሚፈትሸው ሰው መሆን አለበት። እኛ የምናውቀውን የሚያውቁት እየተመናመኑ ነው፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ከማኅበራችን የቀበርናቸው ጥቂት አይደሉም።

የመንገድ መሐንዲስ

ለመምህሩም ለአባታችንም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምሠራው በመንገድና በድልድይ ሥራ ላይ ስለሆነ የባቡር ባለሙያ ነኝ አልልም፤ ነገር ግን ጥያቄው በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መካከል እንዳይጠፋ እሰጋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የድሮው መስመር በሙሉ እስከ ለገሃር ይመለስ ወይ የሚለው ነው። መልሱ በእኔ እምነት አይሆንም ነው። በአዲስ አበባም ሆነ መስመሩ በሚያልፍባቸው ሌሎች ከተሞች የሐዲዱ መሬት ለሌላ ግንባታ ውሏል፤ በመተሐራ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ መንገዱንም ሐዲዱንም ስለተጋፋ ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኖ ነበር። ከዚህም በላይ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሩቁን ጉዞ ይዞታል። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው አንድ ሜትር ስለሆነ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ሊሄድ አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ መምህሩ ያነሡት ነው፤ አጭሩና የአካባቢው ክፍል። በዚህ ላይ ሐሳቤን እንዳስተካክል ያደረገኝ የኬንያ ልምድ ነው። ኬንያ እንደ እኛው የአንድ ሜትር የቅኝ ግዛት ዘመን መስመር ነበራት፤ እንደ እኛውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሞምባሳ ናይሮቢ ሰፊ ሐዲድ ሠራች። አሮጌውን ግን አልጣለችውም። ከናይሮቢ ወደ ናንዩኪ የሚሄደው አሮጌ መስመር ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ የመንገደኛ ባቡር እንደገና ተጀመረበት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የኪሱሙው ተከተለ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልኩት ሌላ ነው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከናይሮቢ መሀል ርቆ በመሠራቱ፣ መንገደኛውን ከመሀል ከተማው ጣቢያ ወስዶ የሚያደርሰው በአሮጌው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡር ነው። በድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ የድሮው ደግሞ በመሀል ከተማው፣ በከዚራ ሰፈር ተቀምጧል።

የኤርትራንም ምሳሌ የሚያነሣ ይኖራል። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ሐዲዱ ተነቅሎ ምሽግ ከተሠራበት በኋላ፣ ጡረተኛ ሠራተኞች ተጠርተው በነበራቸው መሣሪያ እንደገና ዘርግተውት በ1995 ዓ.ም. አስመራ ደርሷል። ሥራው የሚያስደንቅ ነው፤ ዳሩ ግን በኋላ በአመዛኙ ጎብኚ የሚያመላልስ ሆነ እንጂ የገበያተኛውና የተማሪው የዘወትር መጓጓዣ አልሆነም። ሐዲድ መጠገን አንድ ነገር ሲሆን፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ማንን ይዞ ይሄዳል የሚለውን መወሰን ሌላ ነገር ነው። የመንገደኛ ትኬት ብቻውን ሐዲድ እንደማያስጠግን በየአገሩ የታየ ነው፤ ስለዚህ ጭነትና ሰው አብሮ የሚይዝ ድብልቅ ባቡር ካልታሰበ ሒሳቡ አይያያዝልኝም።

የቀፊራ ነጋዴ

መሐንዲሱ ወንድሜ የጻፉት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የማይያያዘው ሒሳብ የትኛው እንደሆነ እኔም ከራሴ በኩል ላሳይ። ቀፊራ ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ እሸጣለሁ። ከኤረርና ከጎታ የሚመጣ ፍሬ የማገኘው በጭነት መኪና ነው፤ መኪናው ካልሞላ አይነሣም፣ እስኪሞላ ድረስ ፓፓያው ከፀሐይ ላይ ይውላል፣ ድሬዳዋ ሲደርስ ከእያንዳንዱ ሣጥን ሥር ያለው ፈርጦ ጭማቂው ይንጠባጠባል። ያንን የምጥለው እኔ ነኝ፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ከእኔ የሚገዛው ሰውም፣ ያመረተው ገበሬም ነው። በቁርጥ ሰዓት የሚነሣ ባቡር ቢኖር ገበሬው ማለዳ ለቅሞ ጣቢያ ያደርስ ነበር፤ እኔም ከሰዓት በፊት እረከበው ነበር። ስለዚህ ለእኔ ፍጥነት ቁም ነገር አይደለም፤ በዝግታ ቢመጣም በሰዓቱ ይምጣልኝ።

ሌላው ሻንጣና ጆንያ ነው። የድሮው ባቡር አንድ ፉርጎ ለዕቃ ነበረው፤ እናቶቻችን ፍየል እንኳ ይዘው ይሳፈሩ ነበር። የሚመጣው ባቡር ትንሽ ሊትሪና (በራሱ ሞተር የሚሄድ የሰው ፉርጎ) ከሆነ ከኋላው አንድ የዕቃ ፉርጎ ይቀጠልለት፤ አለበለዚያ እንደ እኔ ያለው ሰው ተመልሶ የጭነት መኪና ይጠብቃል።

የመንገድ መሐንዲስ

እህቴ፣ ከሁላችንም ይልቅ ለባለሥልጣን ሊቀርብ የሚገባውን ማስረጃ እርስዎ ጻፉት። ባቡር ፈጣን መሆን አለበት ብዬ ሳስብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ግን ወጪውን ብዙ እጥፍ የሚያበዛ ነው። በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሊትሪና በድሮው መስመር ላይ ብዙ ማስተካከያ ሳይጠይቅ ሊሄድ ይችላል፤ ዋናው ወጪ የሚሆነው የተነቀሉትን ብረቶች መተካት፣ ጠጠር ማልበስና ቱቦዎችን እንደገና መሥራት ነው። ከድሬዳዋ እስከ ኤረር ያለው ክፍል ቢጀመርና ቢሠራ፣ የአፍደምና የሚኤሶ ጥያቄ ራሱን ችሎ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ እለምናለሁ። የቀድሞው የባቡር ድርጅት የኢትዮጵያና የጂቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት ስለነበረ፣ ሐዲዱን ማን ያድሳል ከማለታችን በፊት ሐዲዱ ዛሬ በሕግ የማን ነው የሚለው በጽሑፍ መታወቅ አለበት። በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከድሬዳዋ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጉሊሌ የሚሄደው ክፍል ታድሶ የሰው ባቡር ጀምሮ እንደነበረ አባታችን ያስታውሳሉ። አንድ የታደሰ መስመር በየዓመቱ የሚጠግነው ባለቤትና በጀት ከሌለው፣ አንድ ክረምት የሠራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ጡረተኛ መካኒክ፣ ድሬዳዋ

አስታውሳለሁ እንጂ። በዚያን ቀን ከጣቢያው በር ላይ ቆሜ ነበር። ፉጨቱን ሲሰሙ ከየቤቱ የወጡ ሽማግሌዎች ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር፤ የድሬዳዋ ሰው ስንት ዘመን ሰዓቱን የሞላው በባቡሩ ነው። መሐንዲሱ ስለ ክረምቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ስለ መዶሻው ሰው የጻፍኩት ለዚሁ ነው። የሥራው መጀመሪያ ከየመንደሩ ሁለት ሁለት ወጣት መርጦ ከእኛ ጋር ማሰልጠን ቢሆን፣ የጥበቃውም የጥገናውም ነገር በአንድ ላይ ይፈታል። የራሱ ደመወዝ ያለበትን ብረት ነቅሎ የሚሸጥ ሰው አላየሁም።

የኤረር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህንን ጥያቄ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አቅርቤ፣ ደብዳቤው ተመርቷል ከሚል ቃል በቀር ምላሽ አላገኘሁም። አሁን እንደገባኝ ደብዳቤዬ የጎደለው ነገር ነበረ፤ ናፍቆቴን ጽፌ ቁጥር አልጻፍኩም። ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር በሁለት የገበያ ቀን ከኤረር ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ሰውና ጆንያ እንቆጥራለን፤ ከሁርሶ እስከ ኤረር ባለው ሐዲድ ላይ ደግሞ ያሉትንና የፈረሱትን ቱቦዎችና ድልድዮች አንድ በአንድ እመዘግባለሁ። እህቴ ከቀፊራ በሳምንት ስንት ሣጥን ፍሬ እንደሚበላሽባቸው ቢጽፉልኝ ከዚሁ ጋር አያይዘዋለሁ። አባታችን፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ በመጪው ቅዳሜ አብረውኝ ቢሄዱ፣ የላላውን ብሎን በድምፁ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው አገኝ ነበር።

ጡረተኛ መካኒክ፣ ድሬዳዋ

እሄዳለሁ፣ ልጄ። ከሁርሶ በኩል በሌሊት እንነሣ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ብረቱ በእጅ አይነካም። ውኃ አንተ ያዝ፤ መዶሻው እኔ ዘንድ አለ።