ጫጩቶቹ ቅርፊቱን ሸንቁረው መውጣት አቃታቸው፤ ልላጥላቸው?

ልብስ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። የፎም ሳጥን ላይ አምፖልና ቴርሞስታት ገጥሜ የሠራሁት መፈልፈያ አለኝ፤ ማራገቢያ የለውም። እንቁላሎቹ የሐበሻ ናቸው፣ አውራ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች የለቀምኳቸው። ዛሬ 22ኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ወጥተዋል። ስድስቱ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ቅርፊቱን ሸንቁረው እዚያው ቀሩ። ምንቃራቸው ይታየኛል፣ ሲጮኹ ይሰማኛል፣ ቀዳዳው ግን አይሰፋም። ቴርሞሜትሩ 37.5 ላይ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ውሃም በጣሳ ጥግ ላይ አስቀምጫለሁ። የወጡትን እንደደረቁ አንድ በአንድ እያወጣሁ ካርቶን ውስጥ አምፖል ሥር አደርጋቸዋለሁ።

ከወጡት ውስጥ አንዷ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተበልቅጠው በደረቷ ነው የምትሳበው። ሌላው ቂጡ ላይ ኩስ ደርቆበት ሲያምጥ ይውላል። ባለቤቴ «ላጥ ላጥ አድርገህ አውጣቸው» ትላለች፣ እናቴ «በእጅ የተነካ ጫጩት አያድግም» ትላለች። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ።

ፈጣኑ
ወንድሜ ምን ትጠብቃለህ፣ ልጣቸው። እኔ ሁሌ እልጣለሁ፣ ግማሹ ይተርፋል።

እትዬ (ቢሾፍቱ)
«ግማሹ ይተርፋል» ያልከው ልጅ፣ ግማሹ እንደሚሞት ነው የነገርከን።

ልብስ ሰፊው፣ እኔ ቢሾፍቱ ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ነው ያረጀሁት። መጀመሪያ እጅህን ከክዳኑ ላይ አንሣ። ጫጩት ከሸነቆረ በኋላ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ዝም ሊል ይችላል። አንተ ደከመ ትላለህ እንጂ እሱ ሥራ ላይ ነው። በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያለው ደም ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፣ የቀረው አስኳል በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ ይገባል። ይህ ሳያልቅ የላጥከው እንደሆነ ደሙ ይፈሳል፣ አስኳሉም ውጭ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ የዳነ ጫጩት አላየሁም።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። «እንደደረቁ እያወጣሁ» ብለሃል። ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር እርጥበቱ ውልቅ ይላል። ያኔ ያ ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል፤ መዞር ሲያቅተው ቀዳዳውም አይሰፋም። የወጡት እዚያው ይቆዩ፣ አይርባቸውም። በሆዳቸው ያለው አስኳል እስከ 72 ሰዓት ያቆያቸዋል፤ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ታሽጎ ከእኛ ከተማ ክፍለ ሀገር ድረስ ሳይበላ ሳይጠጣ የሚሄደው በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። 37.5 ማራገቢያ ላለው ማሽን ነው። ማራገቢያ በሌለው ሳጥን ሙቅ አየር ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ በእንቁላሉ የላይኛ ጫፍ ልክ ተቀምጦ ከ38.3 እስከ 38.8 ማሳየት አለበት። ያንተ የት ነው የተንጠለጠለው? አምፖሉ አጠገብ ከሆነ የሚነግርህ የአምፖሉን ሙቀት ነው። የሐበሻ እንቁላል በ21 ቀን መጨረስ ሲገባው 22ኛው ላይ ገና ግማሽ መንገድ ከሆነ፣ ብርድ ገብቶበታል። ቴርሞሜትሩም ራሱ ይዋሻል፤ የትኩሳት መለኪያ ካለህ ሁለቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አብረህ ነክረህ አስተያያቸው።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የእንቁላሉ ውሃ በቅርፊቱ ቶሎ ይተናል፣ ኦክስጅኑም ያንሳል። ስለዚህ የሳጥኑን የአየር ቀዳዳ አትድፈን፣ ውሃውን ግን አብዛ። እርጥበት የሚሰጠው የውሃው ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም፤ ጣሳውን አውጣና ዝርግ ሳህን አግባ፣ ስፖንጅም በሙቅ ውሃ ነክረህ ጨምርበት። እስከ 18ኛው ቀን እርጥበቱ 50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ እንቁላል ማገላበጥ አቁመህ ወደ 65 እና 70 ከፍ ታደርገዋለህ።

መርዳት ጨርሶ አይቻልም አላልኩም። 24 ሰዓት ካለፈውና ለውጥ ከሌለ ሽፋኑን እይ። ነጭና እርጥብ ከሆነ ተወው። ወደ ቡናማ ዞሮ እንደ ቆዳ ከደረቀ ይዞታል ማለት ነው። እጅህን ታጠብ፣ ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክረህ ሽፋኑን አርጥብ፣ አፍንጫው ውስጥ ግን ውሃ እንዳይገባ። ከዚያ ከቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ ትንሽ በጥፍርህ አንሣ። የደም ሥር ካየህ ወይም ደም ጠብ ካለ ቁም፣ መልሰው፣ ከሰዓታት በኋላ ሞክር። የላይኛው ክፍል ከተነሣለት የታችኛውን ራሱ ይግፋው። እምብርቱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ካለ አትጎትት።

ልብስ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)
እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ቴርሞሜትሩን ወደ እንቁላሉ አውርጄ ስለካው 36.8 አለ! አስተካክዬዋለሁ። ሳህኑን አግብቼ ዘጋሁት። ስለ እግረ በልቃጣዋና ስለ ባለ ኩሱስ?

እትዬ (ቢሾፍቱ)
አሜን፣ ለአንተም ይስጥህ። እግሯ የተበለቀጠው ልሙጥ ካርቶን ላይ ስለምትንሸራተት ሊሆን ይችላል። ጋዜጣና ፌስታልም ያው ነው። ሻካራ ጨርቅ አንጥፍላት። ከዚያ ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጠህ ሁለቱን እግር እንደ ካቴና እሰር፣ መሀሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይተው። አጥብቀህ ደሙን እንዳትይዘው። በየቀኑ ፈትተህ እይ፤ ጫጩት አጥንቷ ለጋ ነው፣ በጥቂት ቀን ትቆማለች። ሳምንት ካሳለፍክ ግን አይስተካከልም። ጣታቸው ወደ ውስጥ የሚጠቀለልባቸው ሌላ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ነው፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት በውሃ የሚበጠበጥ ቫይታሚን አለ።

የኩሱን ነገር አትናቀው፣ ቂጡ ከተደፈነ ይሞታል። በደረቁ አትላጠው፣ ቆዳው አብሮ ይነሣል። በለብታ ውሃ አርጥበህ እስኪለሰልስ ጠብቅ፣ ጥረግ፣ አድርቅ፣ ቫዝሊን ቀባ አድርግ። ተመልሶ ከመጣ ወይ በርዷቸዋል ወይ ሞቋቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ትቀንሳለህ። ግን ከቴርሞሜትር ይልቅ እነሱን እይ። አምፖል ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ግድግዳ ተጠግተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። አምፖሉ የድሮው ዓይነት ይሁን፤ ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ከሰልም እንዳታስገባ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላቸዋል።

ለደካማው ስኳር በውሃ በጥብጠህ የምንቃሩን ጫፍ ብቻ አርጥብለት። አፉ ውስጥ ካፈሰስክበት ሳንባው ይገባል።

ጓሮ ወዳድ (ባሕር ዳር)
መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር ማታ ማታ ነው የሚሄደው። እኔ ሃይላንድ በሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ ጎናቸው አደርጋለሁ፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ጋቢ እደርባለሁ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ያሉ እንቁላሎች ራሳቸው ሙቀት ስለሚሰጡ ብዙም አልተጎዱብኝም። ለወጡት ደግሞ የገለባ ሳጥን ይሠራል፦ ትንሽ ሳጥን በትልቅ ሳጥን ውስጥ፣ መሀሉ በገለባ ተጠቅጥቆ። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ።

ልብስ ሰፊው፣ ሰፈራችሁ የታቀፈች ዶሮ ካለች ግን ማሽኑን ተወው። ማታ በጨለማ የአንድ ቀን ጫጩት ሥሯ አስገባ፣ ጠዋት የራሷ አድርጋ ትቀበላለች። በቀን ከሞከርክ ትነክሳቸዋለች።

ዴንቨር ያለሁ
እዚህም ከተማው 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ እኔም በደረቅ አየር ስቃዬን አይቻለሁ። የእርጥበት መለኪያ ከማመን እንቁላሉን መመዘን ይሻላል። በትንሽ ሚዛን ስታስገባና በ18ኛው ቀን መዝን፤ ከ11 እስከ 13 በመቶ መቀነስ አለበት። 44 ግራም የነበረ የሐበሻ እንቁላል ወደ 39 መውረድ ነው ያለበት። 36 ከሆነ ውሃህ አንሷል።

አንድ ጥያቄ ላክልበት፣ እናቴ አዲስ አበባ ከሱቅ በተገዛ እንቁላል ልሞክር ትላለች፣ ይሆናል?

እትዬ (ቢሾፍቱ)
አይሆንም። የሱቅ እንቁላል አብዛኛው አውራ ከሌለበት የቦቫንስና የሎህማን (የውጭ እንቁላል ጣይ ዝርያዎች) እርባታ የሚመጣ ነው። መቶ ቀን ብታሞቀው አይፈለፈልም። በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል የስልክ መብራት ብታስጠጋበት ደም ሥር አይታይበትም፤ ያኔ እንዳትደነግጥ። አውራ ካለው ሰው ይገዛላት፣ ከሳምንት ያልበለጠው፣ ያልታጠበው።

ልብስ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)
አራቱ ሌሊት ራሳቸው ወጡ። አምስተኛውን እትዬ እንዳሉኝ አርጥቤ ረዳሁት፣ አሁን እየተንገዳገደ ነው። አንዱ ቅርፊቱ ውስጥ ሞቷል። በልቃጣዋ በካቴናዋ ትሮጣለች፣ ባለቤቴ «ወንጀለኛዋ» ብላታለች። ክትባቱን መቼ ልጀምር?

እትዬ (ቢሾፍቱ)
የመጀመሪያው የፈንግል (ኒውካስል የሚባለው የዶሮ በሽታ) ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት፣ በዓይን ጠብታ። ቀጣዩ በሦስተኛው ሳምንት ግድም በውሃ ይሰጣል፤ ውሃው ክሎሪን እንዳይኖረው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚሆነው፣ ከተከፈተም አያድርም። ስለዚህ እንቁላል ከሰጡህ ጎረቤቶች ጋር ተዋጡና በአንድ ቀን ከትቡ። ስትገዛው በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ይዘህ ሂድ።